አመዱ ከላይ፣ ጠጠሩ ከታች

ሰሜናዊ አይዳሆ፣ ከሳንድፖይንት ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ የጫካ መሬት፤ ወሩ ግንቦት። አጎትየው የአድአ ገበሬ ልጅ ነው፤ ሲያትል ውስጥ በሹፍርና ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ይህንን አሥር ኤከር ገዛ። የእህቱ ልጅ የአፈር ባለሙያ ናት። በመካከላቸው ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ አለ።

አጎት፦ አንቺ ልጅ፣ ቁፋሮውን ተይውና ምን እየፈለግሽ እንደሆነ ንገሪኝ። ሰኞ ዶዘሩ ይመጣል። ዛፉን ነቅሎ፣ ላይ ላዩን ጠርጎ፣ ደልድሎ ሊያስረክበኝ ተነጋግረን ጨርሰናል።

የእህት ልጅ፦ እኔም የምፈልገው ያንን «ላይ ላዩን» ያሉትን ነው፣ ጋሼ። ተጠርጎ ሳይሄድ አንዴ ይዩት ብዬ ነው። ጠጋ ይበሉና የጉድጓዱን ግድግዳ ይመልከቱ። ከላይ የረገፈ ቅጠልና የበሰበሰ እንጨት አለ፤ ቀጭን ነው። ከሥሩ ይሄ ቡናማው፣ ወደ ቢጫ የሚያደላው። ሁለት ስንዝር ያህል ይወርድና በአንዴ ያልቃል። ከዚያ በታች ግራጫ አሸዋና ድቡልቡል ጠጠር ብቻ።

አጎት፦ ጠጠሩንማ አውቀዋለሁ። የውኃ ጉድጓድ ያስቆፈርኩ ጊዜ የተሰጠኝ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ጠጠርና አሸዋ ነው የሚለው። ቡናማው ምን የተለየ ነገር አለው? አፈር ነው።

የእህት ልጅ፦ አመድ ነው።

አጎት፦ የምን አመድ? ጫካው ተቃጥሎ ነበር እንዴ?

የእህት ልጅ፦ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ከዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ደቡብ ኦሪገን ውስጥ የፈነዳ ተራራ አመድ።

አጎት፦ እንግዲያው ዕድሜ ልኬን መሪ ጨብጬ ያጠራቀምኩትን አውጥቼ አመድ አፋሽ ሆንኩ በይኛ!

የእህት ልጅ፦ እስቲ እፍስ አድርገው ይያዙትና ከዚያ ይማረሩ።

አጎት፦ ቀላል ነው... በጣም ቀላል። በሶ ዱቄት የጨበጥኩ ነው የመሰለኝ። እጅ ላይ አይለጠፍም።

የእህት ልጅ፦ አሁን በአውራ ጣትዎ ጫን ብለው ይሹት።

አጎት፦ ኧረ! ሙልጭልጭ አለ እኮ። ይሄ ሁሉ እርጥበት የት ተደብቆ ነበር?

የእህት ልጅ፦ እሱን ነው የማሳይዎት። መጀመሪያ ግን የመጣበትን ልንገርዎት፤ ካልሆነ ባሕርዩ አይገባም። ከ7,700 ዓመት ገደማ በፊት ማዛማ የሚባለው ተራራ ፈነዳ። ቁመቱ 3,700 ሜትር አካባቢ እንደነበረ ይገመታል። ሲፈነዳ ወደ 50 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚሆን የቀለጠ ድንጋይ ተፋ። ከሥሩ ያለው ጎተራ ባዶ ሲቀር ተራራው በራሱ ላይ ተደረመሰ፤ የተፈጠረው ጉድጓድ ውኃ ሞላበት። ዛሬ ክሬተር ሌክ የሚሉት እሱን ነው፤ 594 ሜትር ይጠልቃል፣ ከአሜሪካ ሐይቆች የሚስተካከለው የለም።

አጎት፦ እኛም ቢሾፍቱ ላይ ያሉት ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ናቸው ይባላል። ሆራ እየዋኘሁ ነው ያደግኩት።

የእህት ልጅ፦ ልክ ነው፣ ግን አሠራራቸው ይለያል። የቢሾፍቱዎቹ ትኩስ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተቦደሱ ጉድጓዶች ናቸው። ማዛማ ግን ሙሉ ተራራ ነው የወደቀው። አመዱ በነፋስ ተጭኖ ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ሄደ። ዛሬ ስምንት የአሜሪካ ግዛቶችና ሦስት የካናዳ ግዛቶች ውስጥ ይገኛል። እዚህ የደረሰው ደቃቁ ነው፤ ሻካራው እዚያው ተራራው አጠገብ ቀርቷል።

አጎት፦ ከ7,700 ዓመት በፊት ሰው ነበር እዚህ አገር?

የእህት ልጅ፦ ነበር እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1938 ሉተር ክሬስማን የሚባል የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ምሁር ፎርት ሮክ በሚባል ዋሻ ውስጥ ሲቆፍር ከቁጥቋጦ ቅርፊት የተጎነጎኑ ነጠላ ጫማዎች አገኘ። የተገኙት ከማዛማ አመድ ሥር ነው። ኋላ በካርቦን ሲለኩ ከ9,000 ዓመት በላይ ሆኑ። የክላማዝ ሕዝብ ደግሞ ተራራው የወደቀበትን ታሪክ በአፍ ሲያወርድ ኖሯል፤ ላኦ የሚባለው የምድር ውስጥ መንፈስና ስኬል የሚባለው የሰማዩ መንፈስ ተዋግተው፣ ላኦ ተሸንፎ ተራራው በላዩ እንደተናደ ይተርካሉ። የጂኦሎጂ ሰዎች «ተደረመሰ» ብለው ሳይጽፉ በፊት እነሱ «ተናደ» ብለው ጨርሰውታል።

አጎት፦ እኔ ሲያትል ከገባሁ ጀምሮ የምሰማው የሴንት ሔለንስን ተራራ ፍንዳታ ነው።

የእህት ልጅ፦ እሱ ግንቦት 1980 በፈረንጆቹ ነው። 57 ሰው ሞተ፤ ስፖኬን ከተማ ላይ ቀኑ ጨለመ፤ መኪና ማጣሪያው እየተደፈነ መንገድ ላይ ቆመ። ያ ሁሉ ሆኖ ስፖኬን ላይ የወረደው አመድ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ከፊትዎ ያለው 40 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለዚያውም ነፋስና ውኃ ከየጉብታው አጥቦ ያጠራቀመው ተጨምሮበት።

አጎት፦ እኛም አገር በቀደም ፈንድቶ የለም እንዴ? አፋር።

የእህት ልጅ፦ ሃይሊ ጉቢ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 2018 ላይ፣ ከኤርታሌ ብዙም ሳይርቅ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማንን አልፎ ሕንድ ድረስ ሄዷል።

አጎት፦ ታዲያ አፋርም እንዲህ ያለ አፈር ሊያገኝ ነዋ።

የእህት ልጅ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ጋሼ። አመድ ወደቀ ማለት አፈር ሆነ ማለት አይደለም። አመድ ሲወርድ የተፈጨ መስታወት ነው። ይህቺን ማጉሊያ ይያዙና ይመልከቱ፤ የሚያብለጨልጩት፣ ጠርዛቸው የጎበጠው ስባሪዎች ይታዩዎታል?

አጎት፦ አዎ፣ አዎ... ጥቃቅን ናቸው። የአምፖል ስባሪ ይመስላሉ።

የእህት ልጅ፦ ጋዝ የሞላባቸው አረፋዎች ነበሩ፤ ሲፈነዱ የቀረው ግድግዳቸው ነው። መስታወት ከብዙ ማዕድናት ቶሎ ይሟሟል፤ ለመሟሟት ግን ዝናብ ይፈልጋል፣ ሥር ይፈልጋል፣ የሚበሰብስ ቅጠል ይፈልጋል። አፋር በረሃ ላይ እነዚህ ጥቂት ናቸው፤ አመዱ ለዘመናት አመድ ሆኖ ነው የሚቆየው፤ እስከዚያው ከብቱ የሚግጠውን ሣር ሸፍኖ ይጎዳል። እዚህ ግን ደን ነበረ፤ በረዶ ይወርዳል፣ ይቀልጣል፣ ይሰርጋል። መስታወቱ ቀስ በቀስ ሲሟሟ አሉሚኒየሙና ሲሊካው ተገናኝተው አሎፌን የሚባል ነገር ይሠራሉ። ወግ ያለው ማዕድን አይደለም፤ ቅርጹ አልጨረሰም። እጅግ ደቃቅ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ ነው፤ በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ብረቱም እንደዚያው ደቃቅ ዝገት ይሆናል፤ ቡናማ ቀለሙን የሰጠው እሱ ነው። የእርስዎ መሬት ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው ያለው፤ መስታወቱም አለ፣ አሎፌኑም ጀምሯል።

አጎት፦ ሳይታይ እንዴት ታወቀ ታዲያ? በማመን ነው?

የእህት ልጅ፦ ጓንቴን ላድርግና ላሳይዎት። ይህ ፌኖልፍታሊን የተነከረ ወረቀት ነው፤ አልካላይን ነገር ሲነካው ይቀላል። ቁንጥር አፈር እላዩ ላይ አደርጋለሁ። አሁን ከዚህ ጠርሙስ ሶዲየም ፍሎራይድ ጠብ አደርግበታለሁ። አይንኩት፣ መርዝ ነው። ትንሽ ይጠብቁ።

አጎት፦ ምንም የለም።

የእህት ልጅ፦ ይጠብቁ እንጂ።

አጎት፦ ዳር ዳሩ... ኧረ ቀላ! ሮዝ ሆነ።

የእህት ልጅ፦ ፍሎራይዱ አሉሚኒየሙ ላይ ዘሎ ይለጠፍና እዚያ ተቀምጦ የነበረውን ሃይድሮክሲል ያስለቅቀዋል። የተለቀቀው ነው ወረቀቱን ያቀላው። ተራ ሸክላ አፈር ላይ ይህ አይሆንም፤ ኖራ ያለበት አፈር ሊያታልል ይችላል፣ እዚህ ደግሞ ኖራ የለም። አሁን ከጠጠሩ መካከል ያለውን አሸዋ እንሞክር... አዩ? ወረቀቱ እንደ ነጣ ቀረ። በሁለት ስንዝር ልዩነት ሁለት የተለያየ ዓለም ነው።

አጎት፦ እሺ፣ ጠጠሩስ ከየት መጣ? እሱም ከሰማይ ነው የወረደው ልትይኝ ነው?

የእህት ልጅ፦ እሱ ከሰሜን ነው፤ በበረዶ። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን እዚህ የቆምንበት ቦታ ከካናዳ የወረደ የበረዶ ግግር ተኝቶበት ነበር። የፖንዶሬይ ሐይቅን ያዩታል አይደል? 350 ሜትር ይጠልቃል፤ ግግሩ ነው የጎረጎረው። ያው ግግር የክላርክ ፎርክን ወንዝ እንደ ግድብ ዘግቶት ከጀርባው ሚዙላ የሚባል ሐይቅ ተጠራቀመ፤ ግድቡ ላይ ወደ 600 ሜትር ጥልቀት ነበረው። የጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ያ ሁሉ ውኃ ግድቡን እየሰበረ በተደጋጋሚ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጎረፈ። ጄ ሃርለን ብሬትዝ የሚባል ሰው የጎርፉን ነገር እ.ኤ.አ. በ1923 ሲጽፍ ብዙዎች አላገጡበት። ትልቁን የጂኦሎጂ ሜዳሊያ ሲሰጡት 1979 ሆኖ ነበር፤ ዘጠና አልፎታል።

አጎት፦ ዕድሜ ሰጥቶት አየ በይኛ። ስንቱ ሳያይ ይሞታል።

የእህት ልጅ፦ ጎርፉ ግን ከዚህ በስተደቡብ ነው የሄደው። የእርስዎ ጠጠር ግግሩ ሲያፈገፍግ ከሥሩ የቀለጠው ውኃ እያንከባለለ አምጥቶ የደለደለው ነው። መሬትዎ ሜዳ የሆነው ለዚህ ነው። ሜዳ መሆኑ ደግሞ አመዱን አተረፈው። ወዲያ ተራራው ላይ፣ በተለይ ፀሐይ በሚበዛበት በደቡብ ፊቱ፣ አብዛኛው ታጥቦ ሄዷል። ይህ አፈር በዚህ አካባቢ ቦነር በሚል ስም ተመዝግቧል፤ ከላይ አመድ፣ ከታች ጠጠር የሆነውን ነው እንዲህ የሚሉት። በአሜሪካኖቹ የአፈር አመዳደብ የአመድ አፈሮች ራሳቸውን የቻሉ ክፍል የሆኑት እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ ነው። በዓለም ላይ ከመሬቱ 1 በመቶ አይሞሉም።

አጎት፦ ብርቅ ነው ማለት ነው። ብርቅ የሆነ ሁሉ ደግሞ ጥሩ አይደለም። እኔ የማውቀው የአድአን መረሬ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ የከብት እግር ይውጣል፤ ሐምሌ ላይ ጫማ ነክሶ ያስቀራል፤ ግን ማኛ ጤፍ ያበቅላል። እስቲ ይሄ በሶ ምን ያበቅላል?

የእህት ልጅ፦ ቀና ይበሉና ይዩ። ያ ሴዳር ነው፤ ያኛው ዳግላስ ፈር፤ በመጸው ቢጫ ሆኖ የሚረግፈው ላርች ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በአገራችን ሐምሌና ነሐሴ ምን ይሆናል?

አጎት፦ ክረምት ነዋ። ይዘንባል፣ ይጨቀያል።

የእህት ልጅ፦ እዚህስ?

አጎት፦ እዚህማ ጠብ አይልም። ባለፈው ነሐሴ የደን ቃጠሎ ጭስ እንጂ ደመና አላየሁም።

የእህት ልጅ፦ ልክ ነው። የሚዘንበውና በረዶ የሚወርደው ዛፉ በሚተኛበት ወቅት ነው፤ ዛፉ በሚያድግበት ወቅት ሰማዩ ይዘጋል። ያ ሁሉ ጠጠር ውኃ አይዝም፤ ያፈስሰዋል። አመዱ ባይኖር ኖሮ ይህ ቦታ ሣርና የተራራቁ ጥዶች ብቻ የሚታዩበት ነበር። ሴዳር የሚያህል ውኃ ወዳድ ዛፍ ጠጠር ላይ ቆሞ እንዴት ሐምሌን ያልፋል? በግንቦት ውኃ የጠገበው አመድ እስከ በጋው አጋማሽ እየቆጠበ ስለሚሰጠው ነው። በግርድፉ ከ10 ሳንቲ ሜትር አመድ ውስጥ ሥር ሊመጥጠው የሚችለው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ይገኛል። ከጠጠሩ የሚገኘው የዚያ ቁራጭ ነው። ደግሞ ሌላ ብልሃት አለው፤ ደቃቅ ነገር በሻካራ ላይ ሲነባበር ውኃው ወሰኑ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ላይኛው ካልጠገበ በቀር ወደ ታች ዘልሎ አይገባም። ሥሮቹን ይዩዋቸው፤ አብዛኞቹ አመዱ ውስጥ ናቸው። እዚያ ወሰኑ ላይ ደግሞ ተጋድመው ወደ ጎን ይሄዳሉ።

አጎት፦ እውነትሽን ነው... ወደ ታች የገባው ጥቂት ነው።

የእህት ልጅ፦ ስለዚህ ዛፉን ከላይ ሲያዩት የጠጠሩን ሜዳ የያዘ ይመስላል። የያዘው አመዱን ነው።

አጎት፦ ይሁን፣ ዛፉ ይመቸው። እኔ ግን የመጣሁት ዛፍ ላይ ዓይኔን ላሳርፍ አይደለም። ቃሪያ፣ ጎመን፣ ድንች። ከተመቸም ጤፍ። አይዳሆ የጤፍ አገር ነው ሲሉኝ አይደል የገዛሁት!

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ «ማስካል ጤፍ» የሚለውን ከረጢት አይተው ነው አይደል? እሱ ደቡብ አይዳሆ ነው፤ በስኔክ ወንዝ አካባቢ፣ በመስኖ። ከዚህ የቀን መንገድ ነው። አየሩም አፈሩም ሌላ ነው። እዚህ ሰኔ ላይም ውርጭ ሊጥል ይችላል።

አጎት፦ እንዲያ ነው? ይሄን የነገረኝ ሰው አንድ ቀን አገኘዋለሁ።

የእህት ልጅ፦ ድንችና ጎመን ግን ይሆናል። ግን አንድ ጠባዩን ይወቁ። አባትዎ ዳፕ ማዳበሪያ ሲበትኑ ያስታውሳሉ?

አጎት፦ እንዴታ! ከማኅበሩ በዱቤ እየወሰደ፣ ዕዳው ከምርቱ ቀድሞ እየደረሰ።

የእህት ልጅ፦ እዚህ ዳፕ ቢበትኑ ፎስፈረሱን መጀመሪያ የሚወስደው አፈሩ ነው። ያ ወረቀት ላይ ፍሎራይዱን የያዘው አሉሚኒየም ፎስፌትንም እንደዚያው ይይዛል፤ ይዞም አይለቅም። በደንብ የበሰለ የአመድ አፈር የሚመደበው ከሚሰጠው ፎስፌት 85 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ ሲይዝ ነው። እንደዚህ መስታወት ላለበት ወጣት አፈር መለኪያው ዝቅ ብሎ 25 በመቶ ነው፤ የእርስዎ በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ይወድቃል። ደኑ ይህንን ያለፈው ከሥሩ ጋር ተዳብሎ በሚኖር ፈንገስ ነው፤ ፈንገሱ ፎስፈረሱን እየፈለቀቀ ለዛፉ ይሰጣል፣ ዛፉ ስኳር ይከፍለዋል። እርስዎ ግን ማዳበሪያውን አይበትኑት፤ በመስመር፣ ከዘሩ ሥር ጠጋ አድርገው ይቅበሩት። ፍግ ከጨመሩበት ደግሞ የበለጠ ነው፤ ብስባሹ አሉሚኒየሙ ላይ ቦታ ይይዝበታል።

አጎት፦ ስስታም አፈር ነው በይኛ፤ ውኃ ይሰጣል፣ ማዳበሪያ ይነጥቃል።

የእህት ልጅ፦ ብስባሹንም እንዲሁ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ለዚህ ነው የአመድ አፈሮች ከመሬት ስፋታቸው በላይ ካርቦን ያከማቹት። አሁን ወደ ሰኞው ዶዘር ልምጣ?

አጎት፦ ነይ። ጉድጓዱ ሁሉ የተቆፈረው ለእሱ እንደሆነ ጠርጥሬአለሁ።

የእህት ልጅ፦ ከዚህ አፈር አንድ ሊትር አውጥተን ብናደርቀው 900 ግራም አይሞላም፤ ተራ የእርሻ አፈር ግን 1,300 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ከግማሹ በላይ ባዶ ቦታ ነው፤ ውኃውና አየሩ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። መረሬ በጎማ ቢረገጥ በሚቀጥለው በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲመጣ ያብጣል፤ ራሱን በራሱ ያርሳል። ይህ አፈር የሚያብጥና የሚኮማተር ሸክላ ስለሌለው አንዴ ከተጠቀጠቀ እንደተጠቀጠቀ ይኖራል። ከአሥርተ ዓመታት በፊት እንጨት የተጎተተበት መንገድ ዛሬም በእግር ስሄድበት ይታወቀኛል፤ ዶማ ሲመታው ድምፁ ይለያል፣ እላዩ ላይ ያሉት ዛፎች ከጎረቤቶቻቸው ያንሳሉ። ደግሞ ከሁሉ የከፋው ጊዜ አሁን ነው፣ ግንቦት፤ ውኃ ጠግቦ ሳለ። እርስዎ በአውራ ጣትዎ ሲሹት የሆነውን አይተዋል። ዶዘሩ ስንት ቶን ነው?

አጎት፦ አልጠየቅኩም። ትልቅ ነው።

የእህት ልጅ፦ የአሜሪካ የደን አገልግሎት በዚህ ክልል ለራሱ ባወጣው መመሪያ፣ እንጨት ሲቆረጥ ከቦታው 15 በመቶ በላይ አፈር እንዳይጎዳ ይላል። እርስዎ ግን መቶ በመቶውን ሊጠርጉ ተስማምተዋል።

አጎት፦ የመንግሥት ጫካ ሌላ፣ የእኔ ቤት ሌላ! እኔ የምሠራው ቤት ነው። ቤት ደግሞ ጠጠር ላይ ቢቆም ይሻለዋል እንጂ ከዚህ በሶ ላይ ሊቆም ነው?

የእህት ልጅ፦ እሱ እውነት ነው፤ አልከራከርዎትም። መሠረቱ ጠጠሩ ላይ ይውረድ፤ አመድ ሸክም አይችልም። የምለው ቤቱ የሚያርፍበትና መኪና የሚገባበት ቦታ ላይ ብቻ ይጠረግ ነው። ሌላው ለምን?

አጎት፦ ደልዳላ ይሁን ብዬ። ሰው ሲመጣ ያምራል። ጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር አይመስልም። ደግሞ እሳት ቢመጣስ? ዛፍ ቤት ድረስ ከመጣ እሳቱም ይመጣል።

የእህት ልጅ፦ ቤቱ ዙሪያ ማሳሳቱን እኔም እመክራለሁ። ግን ዛፍ መቁረጥ ሌላ፣ አፈር መግፈፍ ሌላ ነው። ጉቶው እዚያው ይቅር፤ በስብሶ አፈር ይሆናል። ከገፈፉት የሚቀረው ጠጠር ላይ ምን እንደሚበቅል ያውቃሉ? ከሌላ አገር የመጣ እሾህ። ከዚያ ድፍን መኪና አፈር እየገዙ ሊያመጡ ነው፤ ያውም ይህንን የማያህል።

አጎት፦ እዚህ ላይ አሳመንሽኝ። አፈር በዶላር መግዛትስ ያመኛል።

የእህት ልጅ፦ ሌላም አለ። ጠጠሩ ውኃ ብቻ አይደለም የሚያሳልፈው። የሽንት ቤትዎ ፍሳሽ ሴፕቲክ ታንኩን አልፎ ወዴት የሚሄድ ይመስልዎታል? ከዚህ በስተደቡብ፣ ከራዝድረም ሜዳ እስከ ስፖኬን፣ በእንዲህ ያለ ጠጠር ውስጥ ከ500,000 በላይ ሰው የሚጠጣው ውኃ ነው የሚፈስሰው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ሌላ ምትክ የሌለው የመጠጥ ውኃ ብሎ መዝግቦታል። እዚህም ጎረቤትዎ የሚጠጣው ከእርስዎ ጠጠር ሥር ያለውን ነው። በመካከል የሚያጣራው ይህ አመድ ነው።

አጎት፦ ጎረቤቴ ሽጉጥ ታጥቆ የሚውል ሰውዬ ነው፤ ውኃውን ባላበላሽበት እመርጣለሁ። እሺ፣ ሰኞ ምን ልበለው?

የእህት ልጅ፦ አትምጣ ይበሉት። ወይ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ አፈሩ ሲደርቅ ይምጣ፤ ወይ ጥር ላይ፣ መሬቱ ሲቀዘቅዝና በረዶ ሲለብስ። ነሐሴ ይሻላል፤ ምክንያቱም አመዱን አንሥቶ ማስቀመጥ አለበት። ሲደርቅ ግን ይቦናል፣ ውኃ ያዘጋጁ። ከዶዘር ይልቅ ትንሽ እስካቫተር ይዞ ይምጣ፤ በባልዲው እያፈሰ ያነሣል እንጂ እየገፋ ከጠጠር ጋር አይቀላቅልም። ቤቱ የሚያርፍበትን ብቻ። ያነሣውን ለብቻው ይከምረው፣ እላዩ ላይ ማንም አይንዳበት። የቆረጣቸውን ቅርንጫፎች መንገዱ ላይ ያንጥፍና በእነሱ ላይ ይመላለስ።

አጎት፦ ይሄንን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለእሱ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። እኔ ስነግረው ዋጋ ይጨምርብኛል።

የእህት ልጅ፦ እኔ ስነግረውም ይጨምራል። ግን ያነሰ ቦታ ስለሚጠርግ እዚያ ላይ ይቀንሱበት።

አጎት፦ ኮንትራቱ ላይ በኤከር ነው የተጻፈው... ይቀንሳል፣ አዎ። በደንብ ይቀንሳል! ይሄን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ተራራው፣ ጎርፉ፣ ወረቀቱ ሁሉ ምን ያደርግልኝ ነበር?

የእህት ልጅ፦ ባልነግርዎት ኖሮ የተረፈዎትን ገንዘብ ሌላ ዶዘር ይከራዩበት ነበር።

አጎት፦ አይ አንቺ! እሺ፣ ቤቱ ነሐሴ ይጠብቅ። ድንቹ ግን ነሐሴን አይጠብቅም። አሁን የት ልትከል?

የእህት ልጅ፦ እዚያ ዛፍ የሌለበት፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጥግ ላይ። በዶማ ብቻ፣ መደቡ ላይ ሳይቆሙ፤ የእግር መንገዱን አሁኑኑ በጣውላ እንለየው። ፍጉን ጎረቤትዎን ይጠይቁት፣ ፈረሶች አሉት።

አጎት፦ ሽጉጡን ሲያወልቅ እጠይቀዋለሁ።